ስልኩ አፈሩን አወቀው፤ ኖራውን ማን ያመጣል?

ሂሳብ እንሥራ። አሲዳማ የሆነ አንድ ሄክታር መሬት ለማከም የሚያስፈልገው ኖራ እንደ አፈሩ ዓይነትና እንደ ጉዳቱ መጠን ይለያያል፤ 30 ኩንታል ግን የተለመደ ቁጥር ነው። ለዚያው ሄክታር የሚገዛው ማዳበሪያ ሁለት ኩንታል፣ ቢበዛ ሦስትና አራት ኩንታል ቢሆን ነው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትሸከማለች እንበል። ኖራውን ከአስፋልቱ ዳር እስከ ማሳው ለማድረስ 60 ምልልስ ማለት ነው። የመንደሩ መንገድ አይሱዙ የሚያስገባ ቢሆን እንኳ፣ 50 ኩንታል የሚጭን መኪና ሁለት ሄክታር አይሸፍንም።

አሁን ይህን ሂሳብ ይዛችሁ በየስታርትአፕ ውድድሩ የሚቀርበውን ስላይድ ተመልከቱ። ያው ታውቁታላችሁ፦ ፈገግ ያለ ገበሬ፣ በእጁ ስማርት ስልክ፣ ከጀርባው አረንጓዴ ማሳ፣ ከሳተላይት የሚወርድ ሰማያዊ መስመር። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት የአፈርዎን ጤና ይነግርዎታል»። ጭብጨባ። ኖራው የት እንዳለ፣ በማን መኪና እንደሚመጣና በስንት ብር እንደሚደርስ የሚናገር ስላይድ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነገሩን እየተቃወምኩ አይደለም። እንዲያውም ኤአይ ለተጎዳ አፈር ብዙ ሊሠራ ይችላል ብዬ ከሚያምኑት ወገን ነኝ። ክርክሬ የመጀመሪያው ደንበኛ ማን ይሁን የሚለው ላይ ነው። በእኔ እምነት የኤአይ የመጀመሪያ ደንበኛ የገበሬው ስልክ ሳይሆን ኖራ የሚጭነው መኪና መሆን አለበት።

መጀመሪያ ስለ አፈሩ ትንሽ። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ጎጃም፣ አዊ፣ ወለጋ፣ የደቡብና የምዕራብ ደጋ ዝናብ የሚበዛባቸው አካባቢዎች ናቸው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ለዘመናት እያጠበ ይወስደዋል። የቀረውን ሰብሉ ይዞት ይወጣል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ ስለሚውል ወደ መሬቱ የሚመለስ ነገር የለም። በዚያ ላይ ዩሪያን የመሰሉ ናይትሮጂን ያላቸው ማዳበሪያዎች ራሳቸው በጊዜ ብዛት አፈርን አሲዳማ ያደርጋሉ።

የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይመታዋል። ሥሩ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። ፎስፈረሱ ደግሞ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ይጣበቅና ሰብሉ ሊያገኘው አይችልም። እዚህ ላይ ነው ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ጆሮው የሚቆመው። ማዳበሪያ በዶላር ነው የምንገዛው። ገበሬው ደግሞ ከብት ሸጦም ተበድሮም ይገዛዋል። ከዚያ ፎስፈረሱን መሬት ላይ ይበትነዋል፣ መሬቱ ይቆልፍበታል። ዶላሩም ብሩም አፈር ውስጥ ተቀበረ ማለት ነው። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ደስ ይላል። ግን በተጎዳ ደጋ መሬት ላይ ኖራ ሳይጨመር ዩሪያ ብቻ ማብዛት ምን እንደሚያመጣ ከወዲሁ መነጋገር ነበረብን።

እሺ፣ ኤአይ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?

እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የማዳበሪያ ምክራችን ለሁሉም አንድ ነበር፤ ዳፕና ዩሪያ፣ ደጋም ይሁን ቆላ፣ ዋልካም ይሁን ቀይ አፈር። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር መረጃ ፕሮጀክት በየክልሉ ናሙና ሰብስቦ አፈራችን ከናይትሮጂንና ከፎስፈረስ ሌላ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም እንደሚያጥረው አሳየ። ኤንፒኤስ እና ኤንፒኤስ ቦሮን የሚባሉት ማዳበሪያዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የጥናቱ አንዱ መሣሪያ ብርሃን ነበር። አፈሩ ተፈጭቶ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይበራበታል፣ የሚመለሰው ብርሃን መልክ እንደ ጣት አሻራ ነው። ኮምፒውተሩ በሺህ የሚቆጠሩ በኬሚካል የተመረመሩ ናሙናዎችን አሻራ ከተማረ በኋላ አዲስ ናሙና ሲመጣለት ፒኤቹን ይገምታል። በቀናት የሚቆጠረው ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል።

ከዚያ የካርታው ጉዳይ አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው «አይኤስዲኤ ሶይል» የአፍሪካን አፈር በ30 ሜትር ዝርዝር ያሳያል። ከ100 ሺህ በላይ የአፈር ናሙናዎችን፣ የሳተላይት ምስሎችን፣ የመሬቱን ከፍታና የአየር ንብረቱን አንድ ላይ አድርጎ ማሽኑ የተማረበት ካርታ ነው። በነጻ ይገኛል፤ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ የአያታችሁን ቀበሌ ማየት ትችላላችሁ።

እየተገረማችሁ ግን አንድ ነገር አስሉ። 30 በ30 ሜትር 900 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ቃዳ ወይም ጥማድ መሬት የሄክታር ሩብ ቢሆን 2,500 ካሬ ሜትር ነው። የገበሬው ማሳ በካርታው ላይ ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። እዚያች ሦስት ነጥብ ውስጥ ደግሞ ዓለም አለ። ከቤቱ አጠገብ ያለው ጓሮ በአመድና በእበት የዳበረ ነው፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ሲል መሬቱ ሌላ ነው። ጓሮ ላይ ጎመንና ድንች የሚያበቅል ሰው ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳው ገብስ አልይዝ ብሎት ይቸገራል። ካርታው ይህን አያይም። የሚነግረን የአካባቢውን አማካይ ግምት ነው። አማካይ ግምት ደግሞ ለአንድ ገበሬ «30 ኩንታል ግዛ» ለማለት አይበቃም፤ ለአንድ ወረዳ «እዚህ ቀበሌ ላይ አተኩር» ለማለት ግን ከበቂ በላይ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ አፕ ጥሩውን ካርታ ለተሳሳተ ሥራ ያውለዋል።

(በነገራችን ላይ አፈር ፎቶ አንስታችሁ ፒኤች እነግራችኋለሁ የሚል አፕ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ቀለም ብዙ ነገር ይጠቁማል፣ አሲዳማነትን ለይቶ ለመናገር ግን ብቻውን አይበቃም። ቀይ አፈር ሁሉ አሲዳማ አይደለም።)

ሌላው የምንስተው ነገር ገበሬው መሬቱ መታመሙን አያውቅም ብለን መነሳታችን ነው። ፒኤች የሚባለውን ቁጥር ላያውቅ ይችላል። ገብሱ መቀጨጩን፣ ባቄላው አልሆን ማለቱን፣ ማዳበሪያው እንደ ድሮው አለመሥራቱን ግን ከእኛ በፊት ያውቃል። ዝም ብሎም አልተቀመጠም። ጎጃም ውስጥ ገብስና ስንዴ እምቢ ባለው መሬት ላይ እንግዶ የሚዘራ አለ፤ አሲድ ይችላልና። ባሕር ዛፍ የተከለም ብዙ ነው።

አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ የሆነውን ደግሞ ማንም የኢኮኖሚክስ ተማሪ ቢያጠናው እወዳለሁ። ገበሬዎቹ የደከመ መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከሉ። ዛፉ ናይትሮጂን ወደ አፈር ያስገባል፣ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፣ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይከሰላል። ከሰሉ ይሸጣል፤ አመዱና ፍርፋሪው የከሰለበት ቦታ ላይ ይቀራል፣ አመድ ደግሞ አሲድ ያበርዳል። ከዚያ ያው መሬት ጤፍ ይዘራበታል፣ ከጤፉ ጋር የሚቀጥለው ዙር ችግኝ ይተከላል። ይህን ሥርዓት የነደፈው ገበሬው ራሱ ነው። ገቢም አፈርም በአንድ ላይ። ከጊዜ በኋላ ግን ዛፉን የዝገት በሽታ መታውና ብዙ ሰው ያንን ገቢ አጣ። በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ኢኮኖሚ አደጋው ይኸው ነው። በሽታው የት እንደጀመረና ወዴት እየሄደ እንደሆነ ከሳተላይት ምስል ተከታትሎ ማስጠንቀቅ፣ ለምሳሌ፣ ኤአይ በደንብ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ገበሬው በዓይኑ የራሱንና የጎረቤቱን ማሳ ያያል፣ ወረዳውን ሙሉ ግን ማየት አይችልም።

ወደ ኖራው ልመለስ። «መረጃ ብቻውን ምን ያህል ይለውጣል?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ አለን፣ ከጎረቤት አገር። በኬንያና በሩዋንዳ ከ100 ሺህ በላይ ገበሬዎች የተካተቱባቸው ስድስት ሙከራዎች ተደርገው ስለ ኖራና ሌሎች ግብዓቶች አጭር የጽሑፍ መልእክት ተልኮ ነበር። ከጥናቱ ባለቤቶች አንዱ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የወሰደው ማይክል ክሬመር ነው። ውጤቱ ሲደመር ምክሩን የመከተል ዕድል፣ በስታቲስቲክስ «ኦድስ» በምንለው መለኪያ፣ በመጠኑ ጨመረ። አነስተኛ ለውጥ ነው፣ ግን ኤስኤምኤስ በጣም ርካሽ ስለሆነ ሂሳቡ ያዋጣል። ልብ በሉ፦ ኤአይ የለበትም፣ ስማርት ስልክ የለበትም፣ «ኖራ ግዛ» የሚል ቴክስት ነው።

ያ ቴክስት የሠራው ግን ገበሬው ተነስቶ ኖራ የሚገዛበት ሱቅ ወይም አቅራቢ ስለነበረው ነው። እኛ ጋ ያንን መልእክት ብትልኩ የሚመጣላችሁ መልስ «እሺ፣ ከየት?» የሚል ነው። የኖራ ድንጋይ ሞልቶናል፤ ደጀንም ጉደርም መፍጫ ተተክሏል። ችግሩ ኖራ ከባድና ርካሽ ዕቃ መሆኑ ነው። ከባድና ርካሽ ዕቃ ሩቅ አይሄድም፤ የትራንስፖርቱ ዋጋ ዕቃውን ይበልጠዋል። ነጋዴ ለምን ይነካዋል? ማዳበሪያ ቢነግድ ይሻለዋል።

ሌላም አለ። የኖራ ጥቅም ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም፣ አራትና አምስት ዓመት ይቆያል። ጥሩ ዜና ይመስላል። መሬት የሌለው ወጣት ግን በእኩል ወይም በኪራይ ነው የሚያርሰው፣ ውሉም ብዙ ጊዜ የአንድ የሁለት ዓመት ነው። በሰው መሬት ላይ 30 ኩንታል ኖራ አጓጉዞ በትኖ በሚቀጥለው ዓመት «ለሌላ ሰጥቼዋለሁ» ቢባልስ? እንዲህ ዓይነቱ ሰው ኖራ አልጨምርም ቢል ትክክል ነው፤ መረጃ አጥቶ አይደለም። የእናንተ እኩያ ነው እኮ ይሄ ልጅ። ለእሱ ከአፕ ይልቅ የሦስትና የአራት ዓመት የኪራይ ውል ይጠቅመዋል፣ ወይም የኖራውን ወጪ ባለመሬቱ እንዲጋራ የሚያደርግ ውል።

ታዲያ «ኤአይ ለመኪናው» ስል ምን ማለቴ ነው? የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ዩኒየኑ በዓመት የሚደርሳቸው ኖራ ውስን ነው እንበል። አሁን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለየቀበሌው ትንሽ ትንሽ ማካፈል ነው፤ ማንም እንዳይከፋው። ውጤቱ የትም ቦታ የሚታይ ለውጥ የለም። ካርታው፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ የመፍጫው ርቀት፣ የሚዘራው ሰብል አንድ ላይ ቢሰላ ግን «ዘንድሮ ያለንን ኖራ በእነዚህ ሁለት ቀበሌዎች፣ በኩታ ገጠም፣ በገብስና በስንዴ መሬት ላይ ብናውለው ትርፉ ይበልጣል» ማለት ይቻላል። መኪናው ማዳበሪያ ወይም እህል አራግፎ ባዶውን ሲመለስ ኖራ የሚጭንበትን መስመር ማቀድም የኮምፒውተር ሥራ ነው። የከተማ ዴሊቨሪ አፖች በየቀኑ ለበርገር የሚሠሩት ስሌት ነው። ለበርገር ከተቻለ ለኖራ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የተቀረው ናሙና ነው። ካርታው «እዚህ ይመስለኛል» ያለበት ቦታ ላይ የልማት ሠራተኛዋ ወርዳ አፈር ታነሳለች፣ የወረዳው ላቦራቶሪ ይመረምራል፣ ውጤቱ ካርታውን ያርማል። በየዓመቱ እንዲህ ከታረመ ማሽኑ እየተሻለው ይሄዳል። ካልታረመ የ2012ቱን አፈር ለዘንድሮ ገበሬ እንደመንገር ነው።

ስለ ቻትቦቶችም አንድ ነገር ልበል፤ ካላልኩ አንባቢ ይታዘበኛል። ሰሞኑን እንደ ደጋ ገበሬ ሆኜ አንዱን በአማርኛ ጠየቅኩት፦ መሬቴ ገብስ አልይዝ አለኝ፣ ምን ላድርግ? በትህትና፣ በ«እርስዎ»፣ ስለ ፒኤች አስረዳኝና ኖራውን «በአቅራቢያዎ ካለ የአትክልት መደብር» እንድገዛ መከረኝ። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ። ስህተት አልተናገረም፤ የሚናገረው ግን ስለ ሌላ አገር ነው። አማርኛችን ለእነዚህ ሞዴሎች ውድ መሆኑንም አትርሱ። ቃላችንን ቁርጥርጥ አድርገው ነው የሚያነቡት፣ ስለዚህ አንድ ዓይነት ሐሳብ በእንግሊዝኛ ከሚፈጀው ቶክን በላይ በአማርኛ ይፈጃል። ሂሳቡ የሚቆጠረው በቶክን ነው። አገውኛ ብቻ የሚናገሩ የአዊ እናት ቢጠይቁትማ ምን ሊላቸው ነው?

እንደ ፋርመርቻት ያሉ፣ ለግብርና ተብለው የተሠሩና እዚህም የተጀመሩ ረዳቶች የተሻሉ ናቸው፣ ምክንያቱም መልሳቸውን ከአገር ውስጥ የግብርና ጽሑፎች ላይ ለመመሥረት ይሞክራሉ። በእኔ እይታ ትክክለኛ ቦታቸው የልማት ሠራተኛዋ ስልክ ላይ ነው። እሷ ስማርት ስልክ ሊኖራት ይችላል፣ የተሳሳተ መልስ ሲመጣ ትለየዋለች፣ በአካባቢው ቋንቋ ታስረዳለች። ለገበሬው ግን በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው 8028 አለ። በተራ ቁልፍ ስልክ ይደወላል፣ በነጻ፣ በድምፅ። ማንበብ አይጠይቅም። አዲስ አፕ ከመሥራት ይልቅ የ8028ን ምክር ለየቀበሌው እንዲለይ ማድረግ ስታርትአፕ ውድድር ላይ አያስጨበጭብ ይሆናል፤ የሚደርሰው ሰው ግን ብዙ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በየመድረኩ ሳይነሳ ያልፋል። ሞዴሉ ሲሳሳት ማን ይከፍላል? «ሞዴላችን 85 በመቶ ትክክል ነው» ተብሎ ሲነገር ከመቶ ገበሬ 15ቱ የተሳሳተ ምክር ያገኛሉ ማለት ነው። ለአልሚው 15 በመቶ የሚሻሻል ቁጥር ነው፤ ለገበሬው ግን የዓመት ቀለብ ነው፣ የማዳበሪያ ዕዳ ነው፣ የልጅ ትምህርት ነው። እኔ ባለሥልጣን ብሆን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ምክሩ በማሳው ጥግ ላይ፣ ጥቂት ሜትር በጥቂት ሜትር በሆነ ቦታ ይሞከር፤ ኖራውንም የሚያቀርበው ምክሩን የሸጠው ድርጅት ይሁን። በምክሩ የሚያምን ድርጅት ለሁለት ኩንታል ኖራ አይሰስትም።

የመረጃ ባለቤትነትም አለ፣ ባጭሩ ልለፈው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የአንድ ገበሬ መሬት «ደካማ» ተብሎ ዳታቤዝ ላይ ከሰፈረ አበዳሪው ይህን አይቶ ብድር ሊከለክለው ይችላል፣ ተከራይም ዋጋ ሊያወርድበት ይችላል። ስለዚህ ናሙና ሲወሰድ ውጤቱ መጀመሪያ ለባለመሬቱ ይነገር፤ ለሌላ የሚሰጠውም በእሱ ፈቃድ ይሁን።

አልሚ የሆናችሁ፣ ወይም በዚህ ዓመት መመረቂያ ፕሮጀክት የምትፈልጉ ልጆች፣ የጊዜ ሰሌዳውን ልንገራችሁ። ኖራ ከመዝራት አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ከአፈር ጋር መደባለቅ አለበት። ጤፍ በሐምሌ ይዘራል፣ ገብስና ስንዴ በሰኔና በሐምሌ። ስለዚህ ኖራው በግንቦት ማሳው ላይ መሆን አለበት። ክረምቱ ሲገባ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን መኪናው በመጋቢትና በሚያዝያ መሄድ አለበት። የትኛው ቀበሌ ስንት ኩንታል እንደሚወስድ የሚታወቀው በየካቲት ነው፤ ናሙናው የሚነሳው ደግሞ እህሉ ከታጨደ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ። ኮዳችሁ በሰኔ ከተጠናቀቀ አንድ ዓመት ሙሉ አምልጧችኋል።